ለወይዘሮ ይርጋነሽ ግቢ የተመረጡ ጽጌረዳዎች

ወይዘሮ ይርጋነሽ ቢቸና ያሠሩትን አዲስ ቤት አስጨርሰው ሲገቡ፣ ግቢው ከአጥር እስከ በረንዳ ባዶ ጥቁር መረሬ አፈር ነበር። ልጃቸው ሰብለ ወንጌል ጽጌረዳ እናስተክል ባለቻቸው ጊዜ፣ ዕድሜያቸውን በጤፍና በስንዴ ንግድ ያሳለፉ ሴት ናቸውና፣ መጀመሪያ የጠየቁት ይበላ እንደሆነ ነው። አይበላም አለቻቸው። "እንግዲያው ሌባም አይመኘው" ብለው ፈቀዱላት።

ምነው በከለከሉኝ ኖሮ ያለችባቸው ቀናት በኋላ ብዙ ሆኑ።

ሰብለ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የዕፅዋት ሳይንስ ያጠናች፣ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የአትክልትና ፍራፍሬ ባለሙያ ሆና ሁለት ዓመት የሠራች ልጅ ናት። ስብሰባ ላይ የመናገር ተራዋ ሲደርስ ወረቀት ታገላብጣለች። የቢቸና ሰው "የይርጋነሽ ልጅ ጨዋ ናት፤ ድምጿ አይሰማም" ይላል፤ እናቷም ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። እሷ ግን ዝምታዋ ጨዋነት ይሁን ፍርሃት ለይታ አታውቀውም ነበር።

ጽጌረዳውን የሚያመጣው ሰው ያየህ ይባላል። ከሞጣ ከተማ ዝቅ ብሎ፣ ወንዝ ዳር፣ የራሱ ችግኝ ጣቢያ አለው። አራት ዓመት ሩቅ አገር የአበባ እርሻ ውስጥ ሠርቶ፣ እጁን እሾህ ቧጭሮት፣ አንዲት ቀጭን ቢላዋ ይዞ ነው የተመለሰው። በዚያች ቢላዋ የጽጌረዳን ዓይን፣ ቀንበጥ የሚሆነውን እምቡጥ፣ ከቅርንጫፉ ፈልቅቆ በቀጋ፣ በዱሩ ጽጌረዳ፣ ግንድ ላይ ያጣብቃል። ቀጋ ጎጃም ውስጥ ያልበቀለበት አጥር የለም፤ ውርጩንም ጭቃውንም ይችላል። ሥሩ የቀጋ፣ አበባው የጽጌረዳ ይሆናል።

በ2004 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ መሥሪያ ቤቷ ችግኝ ጣቢያዎችን አይታ እንድትመጣ ሲልካት ነበር የተገናኙት። ቀና ብሎ ሳያያት ያችን ላስቲክ ያዢልኝ አላት። ያዘችለት። የጽጌረዳውን ዓይን በግንዱ ላይ ሲያስር ጭንቅላታቸው ሊነካካ ደረሰ። ትንፋሽሽን ያዢ፤ ትንፋሽ ያደርቀዋል አላት፤ እሷም የተማረችውን ሁሉ ረስታ ትንፋሿን ያዘች። ከወራት በኋላ በጻፈላት ደብዳቤ ላይ፣ ትንፋሽ ምንም እንደማያደርግ፣ ያን ያላት እሷ ሳትንቀሳቀስ ፊቷን ትንሽ ቆይቶ ለማየት መሆኑን ተናዘዘላት። ሰብለ ያንን ደብዳቤ መሥሪያ ቤቷ ውስጥ አነበበችው፤ አንብባም የማዳበሪያ መዝገብ ከፍታ ፊቷን በመዝገቡ ሸፈነችው።

ስልክ ሁለቱም ነበራቸው። ስልክ ላይ ግን ሁለቱም ዝም ይላሉ። ስለዚህ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ይጻጻፉ ነበር፤ ከሞጣ የተነሣ ወረቀት በጉንደ ወይን በኩል አቧራ ጠጥቶ ቢቸና ይገባል። ከእነዚያ ወረቀቶች በአንዱ እንዲህ ብሎ ጻፈላት፦ "እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው። ከዚህ በኋላ ባትጽፊልኝ አልቀየምሽም።"

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለአገሩ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ሸክላውን ይገዙታል፤ ወጥ ይሠሩበታል፤ ውሃ ይቀዱበታል። የሠራችውን ሴት ግን ዓይኗን ይፈራሉ፤ ለልጇም ልጃቸውን አይሰጡም። ሰብለ በዚያው ቀን መልስ ጻፈች። የደብዳቤው የመጀመሪያ መስመር "እናትህ ደህና ናቸው ወይ?" የሚል ነበር። ስለ ጉዳዩ ሌላ ቃል አልጨመረችበትም። ያየህም ሌላ ቃል አልፈለገም።

በ2005 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ያየህ ግቢውን ሊያይ መጣ። ወይዘሮ ይርጋነሽ ሠራተኛ መጣ ብለው ሲጠብቁ፣ ልጁ በረንዳው ሥር ጉድጓድ ቆፈረ፤ ውሃ ሞላበት፤ ከዚያ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያየው ጀመር።

"ምነው፣ ዓሣ ትጠብቃለህ?" አሉት።

መረሬው ውሃውን በስንት ጊዜ እንደሚጠጣው እያየሁ ነው አላቸው። ጽጌረዳ ውሃ ይወዳል፤ ውሃ ውስጥ መቆም ግን አይወድም። ስለዚህ መደቡ ከፍ ማለት፣ ከሥሩም ጠጠርና አሸዋ መግባት አለበት። ፀሐይ በየትኛው ወገን እንደምትገባ ጠየቀ። በረዶ ሲጥል የጣሪያው ውሃ የት ላይ እንደሚወርድ ጠየቀ። በመጨረሻም ችግኙን የሚንከባከበው ማን እንደሆነ ጠየቀ፤ ሰብለ እኔ ነኝ አለች፤ ድምጿ ለእናቷ ጆሮ ከወትሮው ከፍ ብሎ ተሰማ።

ወይዘሮ ይርጋነሽ የሚፈልጉትን አስቀድመው ያውቁታል። ባሕር ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ ያዩትን፣ አገዳው ክንድ የሚያህለውን ቀዩን ነው። ያየህ በትሕትና አልተስማማም። ያኛው በላስቲክ ቤት ውስጥ፣ ነፋስ ሳይነካው ያደገ ነው አለ። እዚህ ክረምቱ ሲገባ ቅጠሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ይወጣና እየረገፈ ነሐሴ ላይ እርቃኑን ይቀራል።

"ታዲያ የማያምረውን ልትተክልልኝ ነው?"

"ለገበያ የሚሆን አበባ ተቆርጦ ሄዶ ያልቃል፣ እትዬ። ለቤት የሚመረጠው አብሮ የሚከርመው ነው።"

ይህን ሲል ወደ ሰብለ አላየም። ባያይም ጆሮዋ ጋለ።

አብረው መረጡ። ለበሩ ቅስት ነጯን ሐረግ፣ በግድግዳው ላይ የምትወጣውን። ለበረንዳው ሥር ያችን በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የምትገኘውን የድሮዋን ሮዝ፤ አበባዋ ትንሽ ነው፤ ሽታዋ ግን ጠዋት ቤት ድረስ ይገባል። ለመንገዱ ግራና ቀኝ ደግሞ ቅጠሉ ወፍራምና የሚያብረቀርቅ፣ በዘለላ የሚያብብ ደማቅ ቀይ፤ ቅጠሉ እንዲያ የሆነ ጽጌረዳ ክረምቱን ይችላል። የጣሪያው ውሃ የሚወርድበት ላይ ምንም አይተከልም። ወይዘሮ ይርጋነሽ ሲሰሙ ቆይተው፣ ሥሩ የአጥር ቀጋ መሆኑን ሲነግራቸው ሳቅ አሉ።

"ይሁን። አበባው ይመር እንጂ ሥሩን ማን ቆፍሮ ያየዋል" አሉ።

ሰብለ በዚህች ቃል አንድ ሳምንት ኖረች። ሰው ስለ ተክል የሚለውን ስለ ሰውም ሊል ይችላል ብላ ተስፋ አደረገች። በተስፋዋም ላይ አንድ ሐሳብ ገነባችና ጻፈችለት፦ ችግኞቹን በላስቲክ ሳይሆን በእናትህ ሸክላ አምጣቸው። እናቴ ሸክላውን ትወደዋለች፤ ከወደደችው በኋላ የማን እጅ እንደሆነ እነግራታለሁ።

ያየህ አመነታ። ሸክላ እንደ ሰው መልክ አለው፣ ሴቶች አይተው ያውቁታል ብሎ መለሰላት። እሷም፣ "ይወቁታ። ከእኔ አፍ ይስሙት፤ አንተ ዝም በል" አለችው። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ደፋር ዓረፍተ ነገር ጽፋ አታውቅም። ጽፋው ስትጨርስ ብዕሩን አስቀምጣ ለብቻዋ ፈገግ አለች።

የሰኔ ሚካኤል በዋለ ማግስት ያየህ ዘጠኝ ሸክላ ከነችግኙ በገለባ ጠቅጥቆ፣ በጭነት መኪና ላይ አብሯቸው ተቀምጦ መጣ። ከመናኸሪያው በሁለት ባጃጅ አመላለሳቸው። አንዱም አልተሰነጠቀም።

ወይዘሮ ይርጋነሽ ከበረንዳው ወርደው ዙሪያቸውን ዞሩ። ሸክላው ቀይ ሆኖ አንገቱ ላይ በጢስ የጠቆረ ነው፤ ከጥቁረቱ ሥር በጥፍር የተጫረ የስንዴ ዘለላ ይዞረዋል። ጎንበስ ብለው በእጃቸው ዳሰሱት። "ይህ ሸክላ ራሱ አበባ አይደለም እንዴ" አሉ። ከልባቸው ነበር።

ሰብለ የጠበቀችው ይህችን ደቂቃ ነው። ያየህ አካፋውን እንደያዘ አያት። እሷም አፏን ከፈተች።

ያኔ ወይዘሮ አየሁሽ ከቤት ወጡ። የወይዘሮ ይርጋነሽ ታላቅ እህት ናቸው፤ ለሚካኤል መጥተው ነው የሰነበቱት። ሞጣ ተድረው ሃያ ዓመት የኖሩ ሴት ናቸው። አንዱን ሸክላ ዘንበል አድርገው የስንዴውን ዘለላ በጣታቸው ተከተሉት።

"ይህማ የፈንታነሽ እጅ ነው። የሞጣዋ ሸክላ ሠሪ። ሃያ ዓመት ሙሉ በእንስራዋ ውሃ ቀድቻለሁ፤ ይህን ጭረቷን አጣዋለሁ?" አሉና ሳቁ። "አበባ እርሻ ሄደ ሲሉ የሰማሁት ልጅ ነበራት ደግሞ።" ያየህን ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። "አንተ ልጅ፣ ከየት አመጣኸው? ዘር ከልጓም ይስባል ይሉ የለ።"

ያየህ አካፋውን መሬት ላይ አስቀመጠ። እጁን በሱሪው ጠረገ። ወይዘሮ አየሁሽን አልነበረም ያየው፤ ሰብለን ነው። በዓይኑ ውስጥ ልመናም ቁጣም አልነበረም። አንተ ዝም በል ስላለችው ዝም ብሎ ይጠብቃት ነበር።

የወይዘሮ ይርጋነሽ እጅ ከሸክላው ላይ ተነሣ። ቀስ ብሎ ነው የተነሣው፣ ነገር ግን ሰብለ አየችው።

"ከሞጣ ገበያ ገዝቶት ነው፣ እቴቴ" አለች። "በሸክላ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ።"

ያየህ አንድ ጊዜ ብቻ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ገለጠው። ከዚያ አካፋውን አነሣ። "አዎ" አለ ለወይዘሮ አየሁሽ፣ "ከገበያ ነው።" ውሸቷን አግዞ ተሸከመላት። ሰብለ ቢያጋልጣት ይሻላት ነበር።

ዘጠኙንም ችግኝ ተከለ። የድሮዋን ሮዝ ሲተክል አፈሩን በመዳፉ ነው የጠቀጠቀው፤ ሥሯ እንዳይጎዳ። ምሳ ቀረበለት፤ መኪና ያመልጠኛል ብሎ ቆሞ ውሃ ብቻ ጠጣ። ሰብለ እስከ በሩ ሸኘችው። ስሙን ጠራች። እሱም ቃል እንድታገኝ ጊዜ ሰጣት፤ አላገኘችም።

"ውሃ አታብዢባቸው" አላት። እንደ ማንኛውም ደንበኛ ነበር የነገራት።

ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ደብዳቤ መጣ። ሰብለ በሾፌሩ እጅ የእሱን ጽሕፈት ከሩቅ ስታይ ሮጣ ተቀበለችው። ፖስታው ላይ ግን የተጻፈው "ለወይዘሮ ይርጋነሽ" የሚል ነበር። እናቷ መነጽራቸውን ፈልገው አጡና፣ አንቺው አንብቢልኝ ብለው በረንዳው ላይ ተቀመጡ።

አነበበች። ዓይኑ ከተጣበቀበት ቦታ በታች የሚወጣው ቀንበጥ ሁሉ ቀጋ ነውና በጊዜ ይነቀል። የረገፈ ቅጠል ሥሩ ላይ አይቅር፤ ተለቅሞ ይቃጠል። ቡቃያው ላይ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ከታየ የሳሙና ውሃ ይበቃዋል፤ መድኃኒት አያስፈልግም። የድሮዋ ሮዝ በመጀመሪያው ዓመት መቀስ አይንካት። ነጯ ሐረግ ቶሎ አበባ ባትሰጥ አይቸኩሉባት፤ መጀመሪያ የምትደገፍበትን ታጠናለች። ሰብለ በየመስመሩ መካከል አንዲት ለእሷ የተጻፈች ቃል ፈለገች። ወረቀቱን ገለበጠችው። ጀርባው ነጭ ነው።

"አለቀ?" አሉ እናቷ።

"አለቀ።"

"ጨዋ ልጅ ነው። እንዲህ አድርጎ ያሳደገው የማን ቤት ይሆን?"

ሁለተኛ ዕድል ተሰጥቷት ነበር። ማንም አላጣደፋት፤ ወይዘሮ አየሁሽም በአጠገባቸው አልነበሩም። ሰብለ ወረቀቱን በመጣበት እጥፋት አጠፈችው። "እንጃ" አለች። ያችን ቃል ስትናገር ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ቀለላት፤ የቀለላትም መሆኑ አስፈራት።

ሦስት ደብዳቤ ጻፈችለት። ሾፌሩ አድርሻለሁ አላት፤ መልስ ግን አልመጣም። ስልኩም ተዘግቷል።

በአዲሱ ዓመት፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ ለሥራ ነው ብላ ሞጣ ሄደች። ችግኝ ጣቢያው በር ላይ ሰንሰለት ነበር፤ መደቦቹን ሣር ውጧቸዋል። ጎረቤት ጠይቃ ወደ እናቱ ቤት ወጣች። ወይዘሮ ፈንታነሽ ጥላው ሥር ተቀምጠው የአንድ ሸክላ ግድግዳ እየዞሩ ያቆማሉ። አጭር፣ ዓይናቸው ፈገግ ያለ ሴት ናቸው። ማን እንደሆነች ሳትነግራቸው አወቋት።

የቢቸናዋ ነሽ አሏት። ተቀመጪ አሉና መቀመጫውን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉላት። ያየህ ወደ አበባ እርሻው ተመልሷል፤ ከሐምሌ ጀምሮ የለም። የእሷ ደብዳቤዎች ግን መጥተው ተቀምጠዋል፤ አሳዩዋት። ሦስቱም አልተከፈቱም።

"ስላንቺ ነግሮኛል" አሏት እጃቸውን ከጭቃው ሳያነሱ። "በእናትሽና በአክስትሽ ፊት ቆመሽ 'ይህ የእናቱ እጅ ነው' አልሽ አለኝ። እናትሽም አመሰገኑት አለኝ። ልጄ፣ ሸክላዬን ስንቱ ቤት ይበላበታል፤ ስሜን በደህና ያነሣ ቤት ግን ሰምቼ አላውቅም። ያን ሰሞን ከደስታ እህል አልወርድልሽ አለኝ።"

ሰብለ የመጣችው ይቅርታ ልትለምን ነበር። እዚህ ግን በደሏ የለም፤ እሱ ያደረገችውን በራሱ እጅ ደግ ነገር አድርጎ ሠርቶላታል። ዝም ብትል በዚህች ሴት ልብ ውስጥ ደፋር ሆና ልትኖር ትችላለች። ዝም ማለት ደግሞ የምታውቀው ሥራ ነው።

"አላልኩም፣ እማማ" አለች። "ከገበያ የተገዛ ነው ነው ያልኩት። እሱ አጠገቤ ቆሞ ነበር።"

የወይዘሮ ፈንታነሽ እጅ ዙሩን እስኪጨርስ ሄደ፤ ከዚያ ቆመ። ሸክላው በአንድ ወገን ዘመም አለ፤ አላቀኑትም። 

"እኔም ልጅ ሳለሁ" አሉ በመጨረሻ፣ "ሩቅ ገበያ ወስጄ የሌላ ሴት ሥራ ነው እያልኩ ሸጫለሁ። ስለዚህ አልፈርድብሽም። የእኔ ውሸት ግን እኔን ነበር የበላኝ። ያንቺ እሱን በላው።" ጣታቸውን በውሃ ነከሩ። "ስለነገርሽኝ እግዜር ይስጥልኝ። ልጄን ግን አትፈልጊው።"

ተነሥታ እጃቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል ጭቃ ነው ብለው ሊሸሽጉት ሞከሩ። ሳመችው። የሄደችው ከዚያ በኋላ ነው፤ ወይዘሮ ፈንታነሽም ሳይሸኟት ቀሩ።

ቢቸና ስትደርስ አመሻሽ ላይ ነበር። እናቷ በረንዳው ላይ ለመስቀል ከመጡት ከወይዘሮ አየሁሽና አብረው ካመሹ ሁለት ጎረቤቶች ጋር ተቀምጠዋል። ባለዘለላዎቹ ቀያዮች አብበዋል፤ ወይዘሮ ይርጋነሽም የእያንዳንዱን ጠባይ፣ የትኛው ፀሐይ እንደሚወድ፣ የትኛው ለምን እንደተመረጠ፣ ልክ ያየህ እንደነገራቸው ለጎረቤቶቹ ይነግራሉ። ሰብለ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ደረጃው ሥር ቆመች።

"እማ" አለች። "ሸክላውን የሠሩት ወይዘሮ ፈንታነሽ ናቸው፤ የሞጣዋ። ያየህ ልጃቸው ነው። ያን ቀን የዋሸሁት እኔ ነኝ። እወደዋለሁ።"

ወይዘሮ አየሁሽ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ። ከጎረቤቶቹ አንዷ ዓይኗን ወደ መሬት አደረገች። ወይዘሮ ይርጋነሽ ልጃቸውን ትንሽ አዩዋት፤ ፊታቸው ላይ ያለፈው ነገር ምን እንደሆነ ሰብለ ልትለየው አልቻለችም።

"ግቢ" አሏት። "አቧራሽን አራግፊና እህል ቅመሽ።"

 ወደ ጎረቤቶቹም ዞረው ወሬያቸውን በዝግታ ቀጠሉ።

ሰብለ ገብታ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ከበረንዳው የሚሰማው የሰው ድምፅ ነው፤ አንድም አልጮኸ፣ አንድም አላለቀሰ። ነገ ምን እንደሚሏት አታውቅም፤ ዛሬ ግን ሰማዩ በቦታው ነው። ያ ሁሉ ፍርሃት፣ የሁለት ወጣቶች ዓመት የተበላበት ፍርሃት፣ ሲነገር ይህን ያህል ብቻ ሆነ። ቢያባርሯት፣ ቢረግሟት፣ ያን ቀን ለምን እንደዋሸች ለራሷ የምታስረዳው ነገር ይኖራት ነበር። ቃሉ እንዲህ ቀላል መሆኑ ነው ያስለቀሳት።